ሰምቶ እንዳልሰማ

በየቤታችን በቀን አሥር ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። ጋዜጣ እያነበባችሁ ወይም ስልካችሁን እየነካካችሁ ሳለ ከጓዳ በኩል አንድ ድምፅ ይመጣል። እናንተም ቀና ሳትሉ “ምን አልሽ?” ትላላችሁ። የተጠየቀችው ሰው ደግማ ለመናገር አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን ነገሩ በራሱ ጊዜ ይመጣላችኋል። “አይ ተይው፣ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው” ትላላችሁ። እሷም “ታዲያ ሰምተህ ነው እንዴ የምታደርቀኝ!” ብላ ወደ ጉዳይዋ ትመለሳለች።

እስቲ አስቡት። ሰምታችኋል ወይስ አልሰማችሁም? ካልሰማችሁ መልሱ ከየት መጣ? ከሰማችሁ ደግሞ “ምን አልሽ?” ማለትን ምን አመጣው? አማርኛችን ለዚህ የሚሆን አነጋገር አላጣም። “ሰምቶ እንዳልሰማ” ይላል፤ “አይቶ እንዳላየ” ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን እንዲህ የምንለው ሆነ ብሎ ስለሚያደርገው ሰው ነው። ሆነ ብሎ ሳይሆን፣ በእውነት ሰምቶ በእውነት ያልሰማውንስ ሰው ምን እንበለው? ጥፋተኛ ነው? ወይስ ምስኪን?

ጉዳዩን ለጨዋታ ያህል ብቻ ባነሳው ደስ ባለኝ ነበር። ግን “አልሰማሁም” በምትል አንዲት ቃል የተነሣ ለዓመታት ያልከፈልኩት ዕዳ አለብኝ። ወደ ዕዳው እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን የዓይናችንንና የጆሯችንን አሠራር ጥቂት እንይ። ያለዚያ ፍርዱ ፍርድ አይሆንም።

*

ልጆች ሆነን በቡሄ ማታ ችቦው ነዶ ነዶ ካለቀ በኋላ ጫፉ የፋመ እንጨት አንስተን በጨለማው ውስጥ እናሽከረክር ነበር። እንጨቱን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት የምታዩት አንዲት ቀይ ነጥብ ከቦታ ቦታ ስትሄድ ነው። ክንዳችሁን ስታፈጥኑት ግን ነጥቧ ትጠፋና በጨለማው ላይ አንድ ሙሉ የእሳት ቀለበት ይቆማል። ቀለበቱ የት ነው ያለው? እንጨቱ ላይ የለም። አየሩ ላይም የለም። ያለው እኛው ውስጥ ነው። ፍሟ ከቦታዋ ከሄደች በኋላ ምስሏ ለቅጽበት ከእኛ ጋር ይቆያል፤ የመጀመሪያው ምስል ገና ሳይጠፋ እሷ ዞራ ትደርሳለች።

ዮሐን ሴግነር የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1740 ይህንኑ የልጆች ጨዋታ ቁም ነገር አደረገው። የጋለ ፍም መንኮራኩር ላይ አስሮ እያዞረ፣ ቀለበቱ ሳይቆራረጥ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ምን ያህል ሲፈጥን እንደሆነ ለካ። አንዱ ዙር የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ሲፈጅ ነበር። ነገሩ ከሄደ በኋላም ዓይን ለዚያች ታህል ጊዜ አይለቀውም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ሃያ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጆርጅ ስፐርሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ደግሞ እንዲህ አደረገ። በሦስት መስመር አራት አራት ሆነው የተደረደሩ አሥራ ሁለት ፊደላትን ለአንድ ሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ብቻ ብልጭ አድርጎ ለሰዎች አሳየና “ያያችሁትን ንገሩኝ” አላቸው። አራት፣ ቢበዛ አምስት ፊደል ጠሩ። የሚገርመው ግን ሰዎቹ “ከዚህ በላይ አይተን ነበር፣ ስንናገር ጠፋብን” ማለታቸው ነው። ሌላው ሰው ቢሆን “ሰበብ ነው” ብሎ ያልፈው ነበር። ስፐርሊንግ ግን አመናቸው። በማመኑም አንድ ዘዴ መጣለት። ፊደላቱ ከጠፉ በኋላ አንድ ድምፅ ያሰማል። ቀጭን ድምፅ ከሆነ የላይኛውን መስመር፣ መካከለኛ ከሆነ የመሀሉን፣ ወፍራም ከሆነ የታችኛውን ብቻ ይናገራሉ። የትኛው እንደሚጠየቅ አስቀድመው አያውቁም። ሆኖም ከተጠየቁት መስመር ከአራቱ ሦስት ያህሉን በትክክል ተናገሩ። የትኛውም መስመር ቢጠየቅ ሦስት ያህሉን ማለት ከቻሉ፣ በዚያች ቅጽበት ዘጠኝ ያህሉ እነሱ ዘንድ ነበሩ ማለት ነው። ድምፁን ለአንድ ሰከንድ ያህል አዘግይቶ ሲያሰማቸው ግን ያ ሁሉ ሀብት የለም። እንደገና አራትና አምስት ሆነ።

እንግዲህ የሰዎቹ ቃል እውነት ነበር። አይተዋል። ያዩት ግን ተናግረው ሳይጨርሱ ከእጃቸው አፈተለከ።

የጆሮው ከዓይኑ ትንሽ ይሻላል። አልሪክ ናይሰር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የዓይኑን የምስል፣ የጆሮውን የገደል ማሚቶ ትዝታ የሚል ስም ሰጣቸው። ማሚቶው ሁለትና ሦስት ሰከንድ፣ አንዳንዴም እስከ አራት ሰከንድ ድረስ ይቆያል። ያ “ምን አልሽ?” ካልን በኋላ የሚመጣልን መልስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቃሉ ጆሯችን ደጃፍ ላይ ገና ቆሞ ነበር፤ ዘወር ስንል አገኘነው።

ያለዚህች ትንሽ ቆይታማ ንግግር የሚባል ነገር ባልኖረም። “እናት” የምትለውን ቃል ውሰዱ። “ት” ስትደርስ “እ” አየር ላይ የለችም፤ ሄዳለች። ቅዱስ አውጉስጢኖስ በአራተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግድም በጀመረውና “ኑዛዜ” በተባለው መጽሐፉ፣ በአሥራ አንደኛው ክፍል፣ ይኸው ነገር አስጨንቆት ነበር። አንዱ የቃል ክፍል ረጅም ሌላው አጭር ነው የምንለው፣ ሁለቱም ካለፉ በኋላ በምን ለክተነው ነው? ብሎ ጠየቀ። የለካሁት ድምፁን ሳይሆን በውስጤ የቀረውን ነው ብሎ መለሰ። መሣሪያ ሳይኖረው በማሰብ ብቻ እዚህ ድረስ መጣ!

*

ይህን ሁሉ ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው የጥንቱ ደጅ ጥናት ነው። ባለጉዳዩ ሁሉ ከጌታው ግቢ ደጃፍ ይቆማል። ርስቱን የተነጠቀው፣ ልጁ የታሰረበት፣ ሹመት የሚፈልገው፣ ሁሉም። አጋፋሪው ብቅ ይልና “አንተ ግባ፣ አንቺ ቆዪ” ይላል። ያልተጠራው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ማደሪያው ይሄዳል። ጌታው በዚያን ቀን ደጁ ላይ ስንት ሰው እንደቆመ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው የገባውን ነው።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። የመንገዱ ጩኸት፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የልጅ ለቅሶ፣ የሠራተኛ ድምፅ፣ በታክሲ መስኮት በኩል የተዘረጋ እጅ፣ ሁሉም እኩል መጥቶ ደጃችን ላይ ይቆማል። አጋፋሪው ትኩረታችን ነው። ልዩነቱ፣ በዚህ ደጅ ጀንበሯ የምትጠልቀው በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ መሆኑ ነው። ያልገባው ተመልሶ ነገ አይመጣም። የሄደው ለዘላለም ሄደ።

ታዲያ አጋፋሪው ማንን ያስገባል? ይህም ተጠንቷል። ኮሊን ቼሪ የተባለ የብሪታንያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ሰዎች በሁለት ጆሯቸው ሁለት የተለያየ ንግግር እንዲሰሙና አንዱን ብቻ እየተከተሉ ጮክ ብለው እንዲደግሙ አደረገ። በሌላው ጆሯቸው የገባው ምን እንደነበር ሲጠየቁ ከሞላ ጎደል ምንም አያውቁም። ንግግሩ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲለወጥ እንኳ ልብ አላሉም። ቀጥሎ ኔቪል ሞሬይ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ በዚያው በማይደመጠው ጆሮ የሰውየውን የራሱን ስም ጣል አደረገበት። ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ስሙን ሰማ!

እኛ “ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” እንላለን። ይኸው፣ ባዳ አይደለም። ለሌላው ሲሆን ነው ባዳ የሚሆነው። አጋፋሪው አልተኛም፤ ደጁ ላይ ቆሞ የሁሉንም ፊት ያያል። ጌታው ምን እንደሚወድና ምን እንደማይወድ ጠንቅቆ ያውቃልና በዚያው ልክ ያስገባል።

*

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዳ ነበር። ቤት የነበርነው እኔ፣ ልጆቹና ሠራተኛችን ነን። ከደሴ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ሃያ ቢሞላት ነው፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። (“ድምፅዋ የማይሰማ” ያልኩትን ያዙልኝ። ለምስጋና ነበር የምንለው። እንግዳ ሲመጣ “የሰው ጨዋ ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም” እንል ነበር።)

ማታ ነው። የሁለት ሰዓት ዜና ላይ ነኝ። ልጅቷ መጥታ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች። አንድ ነገር ተናገረች። እኔም ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል “እሺ” አልኩ። እዚያው ትንሽ ቆመች። “በይ ቡናውን አምጪው” አልኳት። አመጣችልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗ አብጦ አገኘኋት። ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው። “ምን ሆነሽ ነው?” ስላት እናቷ መሞቷን ነገረችኝ። “መታመሟን መቼ ሰማሽ? ለምን አልነገርሽኝም?” አልኩ፤ ያውም ቆጣ ብዬ። ልጅቷ አንገቷን እንደደፋች “ነግሬዎት ነበር እኮ ጋሼ። እናቴ ጠንቶባታልና ደርሼ ልምጣ ብዬዎት ነበር። እሺ አሉኝ፤ ከዚያ ግን ምንም አላሉኝም። እስኪሉኝ ስጠብቅ…” አለች። ደመወዟ የሚቀመጠው እኛው ዘንድ ነበር። የመሳፈሪያ ገንዘብ እጇ ላይ አልነበረም።

“አልሰማሁሽም” አልኳት።

በማግስቱ በሌሊት አሳፈርኳት። የደረሰችው ለሠልስቱ ነው። ተመልሳም ወደኛ ቤት አልመጣችም፤ ልብሷን መጥቶ የወሰደላት የአክስቷ ልጅ ነው።

*

“አልሰማሁሽም” ስላት ዋሽቻለሁ? ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ስም ብምል በሐሰት የማልኩ አይመስለኝም ነበር። ዛሬም ቢሆን ያቺን ዓረፍተ ነገር በልጅቷ ድምፅ ላስታውሳት ብሞክር አትመጣም። ያለኝ በኋላ የነገረችኝ ብቻ ነው። እንዲያውም የዚያን ምሽት ዜና ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ እሱንም አላውቀውም። ሁለቱም ሄደዋል።

ግን “እሺ” ያለው ማን ነው? ሙሉ ለሙሉ ያልሰማ ሰው “እሺ” አይልም። “እሺ” ለማለት የድምፁን ቃና፣ የተናጋሪዋን ማንነት፣ ልመና መሆኑንም ጭምር መለየት ያስፈልጋል። አጋፋሪዬ ደጅ የቆመችው ማን እንደሆነች ለይቷል። የመጣችበትን ጉዳይ ግን አልጠየቀም። ማን እንደሆነች ማወቁ በቂ ሆኖ አገኘው!

ደግሞ ሌላ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር። በዚያው ሰሞን ልጅቷ ከጎረቤት ሠራተኛ ጋር በአጥር በኩል ስታወራ “ጋሼ” የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጆሮዬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምን ልትለኝ ነው ብዬ። ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ፣ ስለ እኔ ስታወራ ከግቢው ማዶ ትሰማኝ ነበር። ስለ እናቷ ስታወራ በሦስት እርምጃ ርቀት አልሰማኋትም።

በነገሩ ላይ ጠበቃ ብቀጥር እንዲህ ብሎ እንደሚከራከርልኝ አውቃለሁ። “ሰው በአእምሮው ውስጥ ባልገባ ነገር እንዴት ይጠየቃል? የትኩረት በሩ ጠባብ ነው፤ ሳይንሱም ይህንኑ መስክሯል።” ጥሩ ክርክር ነው። የሕጉ ሰዎች ግን በዚህ በቀላሉ አይረቱም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 59 ስለ ቸልተኝነት ሲደነግግ፣ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ የተዳፈረውን ብቻ አይደለም ቸልተኛ የሚለው። ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ሳያስበው የቀረውንም ይጨምራል። “ይገባው ነበር” የሚለውን ሲመዝንም የሰውየውን ዕድሜ፣ የኑሮ ልምድ፣ ትምህርትና ሥራ ይመለከታል። የእኔ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚያደርስ አይደለም። ግን ሕጉ የያዘው ሐሳብ ከፍርድ ቤት ውጭም ይሠራል። አለማወቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ሊታወቅ የማይችል ነገር አለ። ዘወር ቢሉ ሊታወቅ ሲችል ዘወር ያላሉበት ነገርም አለ። እኔ ደግሞ ዘወር የምልበት ሦስት ሰከንድ ተሰጥቶኝ ነበር።

*

“ታዲያ ምን ይሁን? የሁሉን ድምፅ ሰምተን እንዴት እንኖራለን?” የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው። አንድ ጠዋት ከመገናኛ ፒያሳ ለመድረስ ስንት ድምፅ ደጃችን ላይ እንደሚቆም አስቡት። የረዳቱ ጥሪ፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ የሎተሪ አዟሪው፣ “ስለ እመብርሃን” የሚለው፣ የድምፅ ማጉያው ስብከት፣ የሚጣሉት፣ የሚሳሳቁት… ሁሉም ገብቶ ይቀመጥ ቢባል እስከ ማታ አእምሯችንን ስተን ነበር። በሩ የጠበበው ለክፋት አይደለም። ያየነውና የሰማነው ሁሉ ወዲያው መጥፋቱ ለአዲሱ ቦታ መልቀቂያ ነው። እርሳት ባይኖር ማየትም ባልኖረ። የእሳቱ ቀለበት ሳይጠፋ ቢቀር ዓለም በሞላ የእሳት ቀለበት ትሆንብን ነበር።

ስለዚህ የሚያስጠይቀን የበሩ መጥበብ አይደለም። የሚያስጠይቀን፣ ሁልጊዜ ተመላሽ የሚሆነው ያው አንድ ሰው ሲሆን ነው። አንድ ቀን አንድን ሰው አለመስማት ድካም ነው፤ ማንንም ይገጥመዋል። ሁልጊዜ አንድን ሰው፣ ወይም አንድን ዓይነት ሰው አለመስማት ግን ድካም አይባልም። ያ ለአጋፋሪው የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን የሰጠነው ደግሞ በዚያች ምሽት አይደለም፤ ለዓመታት፣ ቀስ በቀስ፣ በየቀኑ “ይቺ ትቆይ” እያልን ነው። አለቃችን ሲያስነጥስ እንሰማለን። ዘበኛው “ደህና ዋሉ” ማለቱን አንሰማም። የሀብታም ዘመዳችን ዝምታ ያሳስበናል። የድሃው ዘመዳችን ልመና “እሺ፣ እናያለን” ተብሎ ያልፋል። ይህን የወሰነው ጆሯችን ነው? ጆሯማ ሁሉንም እኩል አምጥቶ ነበር!

አንድ ሌላ ጥናት ልጥቀስ። ዳርሊና ባትሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ፈተኑ። ተማሪዎቹ በሌላ ሕንፃ ንግግር እንዲያደርጉ ተላኩ። ከፊሎቹ የሚናገሩት፣ በወንበዴዎች ተደብድቦ መንገድ ላይ ስለወደቀው ሰውና አይተውት ስላለፉት ካህንና ሌዋዊ፣ እንዲሁም ስላዘነለት ደጉ ሳምራዊ ነው። በመንገዳቸው ላይ ደግሞ አንድ ሰው በር ሥር ተጎሳቁሎ እያሳለ እያቃሰተ እንዲቀመጥ ተደረገ። ቸኩሉ ካልተባሉት ውስጥ ከመቶ 63ቱ ረዱት። “ረፍዶብሃል፣ ቶሎ ድረስ” ከተባሉት ግን የረዱት ከመቶ 10 ብቻ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ መሄዱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም፤ ስብከቱን በአእምሮው እያሰላሰለ ሰውየውን ተራምዶ ያለፈም ነበረ።

እነዚህ ተማሪዎች ክፉዎች ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ቸኩለው ነበር። ግን ወድቆ ለሚያቃስተው ሰው በክፋት መታለፍና በችኮላ መታለፍ ምን ልዩነት አለው? ልጅቷስ በእኔ ክፋትና በእኔ ዜና መካከል ምን ልዩነት አየች? ሠልስቱ ያው ሠልስት ነው።

*

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አንድ ትልቅ ቃል ሰጥቶናል። ትኩረትን “ልብ ማለት” ይለዋል። “ልብ አድርግ”፣ “ልብ በይ”፣ “ልብ አላልኩም”። አባቶቻችንም “ልብ ካላየ ዓይን አያይም” ብለዋል። ይህን ያሉት ስፐርሊንግ ፊደላቱን ሳይደረድር፣ ሴግነር ፍሙን መንኮራኩር ላይ ሳያስር ነው። ልብ ደግሞ እኛ ዘንድ የማሰቢያ ብቻ ሳይሆን የመውደጃም ቦታ ነው። እንግዲህ “ልብ አላልኩሽም” ስንል ሳናውቀው እየተናዘዝን ነው ማለት ነው። ዓይኔ አይቶሻል፣ ጆሮዬ ሰምቶሻል፣ ልቤ ዘንድ ግን ቦታ አልነበረሽም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ጻድቅ አልሆንኩም። ዛሬም ጋዜጣ እያነበብኩ የሚነገረኝን አልሰማም። አንድ ነገር ግን ለራሴ ከልክያለሁ፤ ያልሰማሁትን “እሺ” አልልም። “እሺ” ያለመስማት ትልቁ መሸሸጊያ ናት። ተናጋሪው እንደተሰማ አምኖ ይሄዳል፤ እኛም እንደሰማን አምነን እንቀመጣለን። ከእሷ ይልቅ ያቺ የምናፍርባት “ምን አልሽ?” በስንት ጣዕሟ! ሌላው ይቅርና ሦስት ሰከንድ ሳያልቅ ዘወር አለማለቴን ታምናለች። ቀና አድርጋ ፊት ታሳያለች። ሰው “ምን አልሽ?” ሲባል ይሰለቸው ይሆናል፤ “እሺ” ተብሎ ግን እናቱን ሳይቀብር ሊቀር ይችላል።

ለልጅቷ ይህን የምልበት አጋጣሚ አላገኘሁም። ባገኛት እንኳ “አልሰማሁሽም ነበር” የሚለውን አልደግመውም። “ሰምቼሽ ነበር፣ ዘወር አላልኩም እንጂ” ነው የምላት። ይቅርታ ትለኝ እንደሆነ አላውቅም። ግን ቢያንስ ያለፈውን ነገር በስሙ ጠራሁት ማለት ነው።

ተለያይተን ስንሄድ “ቸር ያሰማን” እንባባላለን። መልካም ምርቃት ነው። እኔ ግን ዛሬ አንዲት ነገር ልጨምርበት። ቸሩንም ክፉውንም ነጋሪው በራችን ላይ ሲቆም፣ ቀና የምንልበትን ልብ አብሮ ይስጠን።

ቸር ያሰማን!